ትልቁን ስፒከር ልግዛ ወይስ ቀጭኑን?

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። ሙዚቃ ነፍሴ ነው። ቤት ሠርተን ከገባን ወዲህ ለሳሎኑ ጥሩ ስቴሪዮ ለመግዛት ብር ሳጠራቅም ቆይቻለሁ። ሳሎኑ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ጂፕሰም ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ሁለት ምርጫ አቅርቦልኛል። አንዱ ባለ ሁለት አሥር ኢንች ቤዝ ትልቅ ታወር (ወለል ላይ የሚቆም ረጅም) ስፒከር ነው። ሌላው ባለ ሁለት ስድስት ተኩል ኢንች ቀጭን ታወር ነው። ትልቁ ያገለገለ ስለሆነ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አምፕሊፋየሩንም ከዚያው ልላክልህ ብሎኛል። ባለቤቴ ትልቁን በፎቶ አይታ ‹ይሄማ ቁም ሳጥን ነው› አለችኝ። የሁለት ዓመት ልጅ አለን። ጎረቤታችን ደግሞ በግድግዳ የተያያዘን ነው። የምሰማው የድሮ ዘፈን፣ ኢትዮ ጃዝ፣ በጾም ደግሞ በገና ነው። የቱን ልግዛ?»

ሙዚቃ ወዳዱ፣ ከጠባሴ

መልስ

ወንድሜ ሙዚቃ ወዳዱ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ሳላንዛዛ ልንገርህ፤ ቀጭኑን ግዛ። ትልቁ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለአንተ ሳሎን ስለማይሆን ነው። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ላስረዳህ። በዚያውም ቀጭኑን ከገዛህ በኋላ ብርህ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ምን ምን ማድረግ እንዳለብህ እናያለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። እኛ አገር ትልቅ ስፒከር ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሞንታርቦን ነው። ሠርግ ላይ፣ ንግሥ ላይ፣ ስብሰባ ላይ የምናየውን ማለቴ ነው። ሞንታርቦ የተሠራው ሜዳ ሙሉ ሕዝብ እንዲሰማው ነው። የቤት ታወር ስፒከር ሥራው ሌላ ነው። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው ዘፋኙን መሐል፣ ሳክስፎኑን ቀኝ፣ ከበሮውን ከኋላ አድርጎ ማስቀመጥ አለበት። «ስንት ዋት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሞንታርቦ የወረስነው ነው። ስፒከር ጀርባ ላይ የተጻፈው ዋት ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለውን እንጂ የሚያወጣውን ድምፅ አይነግርህም። ሻጭ ከሁሉ በፊት ዋቱን ከጠራልህ ትንሽ ጠርጥር።

አሁን ወደ ሳሎንህ። ክፍል ሁሉ ለይቶ የሚያጎላቸው ወፍራም ድምፆች አሉት። ድምፅ በሁለት ፊት ለፊት በቆሙ ግድግዳዎች መሐል ሲመላለስ፣ ልኩ ከክፍሉ ጋር የገጠመው ሞገድ ከሌላው በላይ ይጎላል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። ያንን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ታካፍላለህ። 5 ሜትሩ 34 ሄርዝ ይሰጥሃል፤ ሄርዝ ማለት በሰከንድ የሚደረግ የንዝረት ቁጥር ነው። 4 ሜትሩ 42.5 ይሰጥሃል። ጣሪያህ 2.80 ከሆነ ደግሞ 61 ገደማ ይመጣል።

እነዚህ ቁጥሮች ለምን ይጠቅሙሃል? ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ላይ ያለችው ወፍራሟ ክር 41 ሄርዝ ናት። ከ4 ሜትሩ ስፋትህ ጋር ገጠመች ማለት ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ያችን ክር በነካ ቁጥር ሳሎኑ ያጉረመርማል። ከፍ ያለ ኖታ ሲነካ ደግሞ ድምፁ ድንገት ይጠፋብሃል። ሰው ይሄንን ሲሰማ «ስፒከሩ ቤዝ ይበዛበታል» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የክፍሉ ነው። ሁለት አሥር ኢንች የተሸከመው ስፒከር ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ሙሉ ጉልበቱን ነው የሚያፈሰው። ቀጭኑም ወደ 40 ሄርዝ አካባቢ ይደርሳል፤ የሚደርሰው ግን እየሳሳ ነው። የጎደለውን ክፍሉ ይሞላለታል። ስፒከር ግድግዳ ሲጠጋ ቤዙ ይጨምራል፣ ጥግ ሲገባ የባሰ ይጨምራል። በ20 ካሬ ሳሎን ይሄ ለቀጭኑ ስጦታ፣ ለትልቁ ጣጣ ነው።

የጥግን ጉልበት ሆን ብሎ የተጠቀመበት ሰው መኖሩን ጣልቃ አስገብቼ ልንገርህ። ፖል ክሊፕሽ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በአርካንሳስ ግዛት፣ ሆፕ በምትባል ከተማ ኩባንያ አቋቋመ። ክሊፕሽሆርን የተባለው ስፒከሩ የክፍል ጥግ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ግድግዳዎቹ ራሳቸው የቀንዱ፣ ማለትም ድምፁን እንደ መለከት አጉልቶ የሚያወጣው አፍ፣ ቅጥያ ይሆኑለታል። ከጥግ ብታወጣው ቤዙ ይከዳሃል። ክፍልን ከስፒከር ለይቶ ማሰብ እንደማይቻል ገና ያኔ የገባው ሰው ነበር።

ሌላው ማወቅ ያለብህ፣ ስፒከር ሠሪዎች ሊያመልጡት የማይችሉት አንድ ሕግ አለ። የሆፍማን ሕግ ይሉታል። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ፦ ከሦስቱ ሁለቱን ነው የምታገኘው። ቀጭኑ ስፒከር ሳጥኑን አሳንሶ ቤዙን ለማዳን ሲል ዋት ይበላል። ይሄንን የሚነግርህ ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁጥር ነው። በ8 ኦም ስፒከር 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንደሚያወጣ ማለት ነው። 86 ወይም 87 የተጻፈበት ለቀጭን ታወር የተለመደ ነው። ክሊፕሽን የመሳሰሉ ባለ ቀንድ ስፒከሮች ከ90 በላይ ይወጣሉ። 3 ዴሲቤል ለመጨመር የአምፕሊፋየሩ ዋት እጥፍ መሆን አለበት። 10 ለመጨመር ዐሥር እጥፍ።

የእኛ አገር ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። የስፒከር ሥራ ደግሞ አየር መግፋት ነው። የሚገፋው አየር ሲሳሳ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ቆላ ላይ ተለክቶ ወረቀት ላይ ከሰፈረው ቁጥር እዚህ ከ2 ዴሲቤል ትንሽ በላይ ተቀነሰ በል። ጆሮ ላይ የጎላ ለውጥ አይደለም፤ በአምፕሊፋየር ዋት ሲሰላ ግን የሁለት ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ይጠይቃል። ስለዚህ «50 ዋት ይበቃል» የሚል ምክር ካነበብክ 80 ወይም 100 ያለውን ውሰድ። ዘወትር የምትጠቀምበት ከጥቂት ዋት አይበልጥም። ትርፉ የሚያስፈልገው ከበሮው ሲመታ ወይም ዘፋኙ ድንገት ሲያነሳ ነው። አቅም ያጠረው አምፕሊፋየር ሲጨናነቅ የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል። ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን የስፒከር ክፍል) የሚያቃጥለውም ብዙ ጊዜ ትልቅ አምፕሊፋየር ሳይሆን ከአቅሙ በላይ የተጎተተ ትንሽ አምፕሊፋየር ነው።

ስስ አየር ሙቀትም ቶሎ አይወስድም። አንዳንድ ኤሌክትሮኒክስ ላይ «ከ2,000 ሜትር በላይ አይጠቀሙ» የሚል ጽሑፍ ታገኛለህ፤ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ያግዘኛል ብለህ አምፕሊፋየሩን ቡፌ ውስጥ አትቆልፈው። ከላዩ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ተውለት። ከጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚኖር ዘመድ ካለህ የእሱ ችግር ሌላ ነው፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ግን ራሱ ያቃጥለዋል።

አሁን ስለ ወንድምህ። ስፒከሩን ይላክ፣ አምፕሊፋየሩን ግን አይላክ። ታወር ስፒከር ከግድግዳ መብራት አይወስድም፤ ስለዚህ አሜሪካም ሆነ ጃፓን ይገዛ ለውጥ የለውም። አምፕሊፋየር ግን ለአሜሪካ ሲሠራ በ120 ቮልትና በ60 ሄርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። «ትራንስፎርመር አደርግለታለሁ» ትል ይሆናል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ያወርድልሃል፣ ሄርዙን ግን አይነካውም። ለ60 ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር በ50 ሲሠራ ከልኩ በላይ ይሞቃል። ከኋላው የቮልቴጅ መምረጫ ካለው፣ ወይም 50/60 ተብሎ ከተጻፈበትና በትራንስፎርመር ከተጠቀምክበት ችግር የለውም። ከሌለው ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የመጣ የ220 ዕቃ ፈልግ። እዚሁ ብታገኝ ደግሞ ሲበላሽ የሚጠግነውም አይርቅህም።

ስለ አላላኩም አስብበት። አየር መንገዶች በአንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ በላይ አይቀበሉም፤ ተራው ተሳፋሪ የሚፈቀድለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ ነው። ትልልቅ ታወሮች አንዱ ብቻውን 40 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። «ሰው ሲመጣ ይያዝልኝ» የሚባል ዕቃ አይደለም። በካርጎ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ጉምሩክ አለ። ወንድምህ ሳይከፍል በፊት ቀረጡንና ታክሱን አስቀድመህ አስሰላ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ከዶላር ጋር ያለው ነገር እንዴት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ቀረጥ የሚሰላው በብር ስለሆነ የአምናው ግምት ዘንድሮ አይሠራም። ቀጭኑ በዚህም በኩል ያተርፍሃል። ብዙዎቹ አንዱ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ናቸው። ኦሪጅናል ካርቶናቸውና ፎማቸው እንዳይጣል ንገረው። ያለ ካርቶኑ የተላከ ስፒከር ጥጉ ተፈልፍሎ ነው የሚደርሰው።

ትልቁ ያገለገለ ነው ብለሃል። ሐሳብህን ካልቀየርክና ትልቁን ካልገዛሁ ካልክ፣ ቢያንስ ወንድምህ አንድ ነገር አይቶ ይምጣ። የቤዙን ሸራ ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት ከፎም ነው ወይስ ከጎማ? ፎም ከሆነ በ15 እና በ20 ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል። በጣት ቀስ ብለህ ስትነካው ይፈረፈራል። ጎማ ብዙ ይቆያል። ከዚያ ሁለቱንም ስፒከር በየተራ በዝቅተኛ ድምፅ ያጫውት፤ ትዊተሩ ጋ ጆሮውን አስጠግቶ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ይስማ። አንዱ ከደከመ ዘፋኙ መሐል አይቆምልህም፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ብራንዱን አልጠቀስክልኝም። እኔም «እገሌን ግዛ» አልልህም፤ ግን የየቤቱን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ኬኢኤፍ እ.ኤ.አ. በ1961 እንግሊዝ አገር የተመሠረተ ነው። ከ1988 ጀምሮ ትዊተሩን የመሐከለኛው ድምፅ ሸራ እምብርት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ድምፁ ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ይሆናል። ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስም እንግሊዛዊ ነው፣ በ1966 የተጀመረ። ውድ በሆነው መስመሩ ላይ የትዊተሩ ጉልላት ከአልማዝ ነው። ፎካል ፈረንሳዊ ነው፤ ዋናዎቹ ሞዴሎቹ ላይ ቤሪሊየም የተባለ ቀላልና ጠንካራ ብረት ይጠቀማል። ዳይናውዲዮ የዴንማርክ ነው። ክሊፕሽን ቀደም ብዬ ነግሬሃለሁ። ማግኔፓን የሚባሉ እንደ መዝጊያ የተንጣለሉ አሜሪካዊ ስፒከሮችም አሉ፤ ድምፃቸው ያስቀናል፣ ግን ሰፊ ቦታና ብርቱ አምፕሊፋየር ይፈልጋሉ። ለአንተ አይደሉም። አልማዙም ቤሪሊየሙም ለብቻው ዘፈን አያሳምርም። ጥሩ ትዊተር መጥፎ ሳጥን ውስጥ ሊገባ ይችላል።

እንግዲህ ጥሩውን ከመጥፎው በምን ትለየዋለህ? በዚህ ላይ ብዙ የደከመ ሰው ፍሎይድ ቱል ይባላል። ካናዳ ውስጥ በብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ ኋላም አሜሪካ ውስጥ ሃርማን ኩባንያ ሠርቷል። ሰዎችን ስፒከሩን በማያዩበት ሁኔታ ያስቀምጥና የትኛው እንደሚሻል ያስመርጣቸዋል። ሰው መልኩን፣ ዋጋውንና ስሙን ሳያይ ሲመርጥ በአመዛኙ የሚስማማው በአንድ ዓይነት ስፒከር ላይ ሆኖ ተገኘ። ፊት ለፊት ድምፁ የተስተካከለ፣ ወደ ጎን የሚወጣውም ድምፅ ሳይዘበራረቅ ቀስ እያለ የሚቀንስ ስፒከር ነው። ጋርዶሹ ሲነሳና ስፒከሩ ሲታይ ግን ምርጫው ይቀየራል። ትልቁና የሚያምረው ያሸንፋል። የአንተም ልብ ወደ ትልቁ የሄደው በፎቶ አይተኸው መሆኑን ልብ በል።

የጎኑ ድምፅ ለሐበሻ ቤት ከማንም በላይ ያስፈልጋል። ፈረንጅ ብቻውን መሐል ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማ ይሆናል። እኛ ቤት ቡና ሲፈላ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚቀመጠው። አያትህ በር አጠገብ፣ ጎረቤት መስኮት ሥር። ለእነሱም ድምፁ ድምፅ መሆን አለበት። ብዙ ስፒከሮች ከመደብር ውጭ ባሉ ገለልተኛ ሰዎች ተለክተው ግራፋቸው ይወጣል። ወንድምህ ያንን ይፈልግ። ግራፉን መተንተን አይጠበቅበትም፤ የጎን መስመሮቹ ከፊት ለፊቱ ጋር ተመሳስለው ከወረዱ ይበቃል።

ከተቻለው ደግሞ መደብር ሄዶ በጆሮው ይስማ። አንተ የምትሰማውን ዘፈን ይዞ ይሂድ፣ የሻጩን ማሳያ ሲዲ አይስማ። ሻጭ የሚያጫውተው በማንኛውም ስፒከር የሚያምረውን ነው። ሁለት ስፒከር ሲያወዳድር ድምፃቸው እኩል መሆኑን በስልኩ የድምፅ መለኪያ ያረጋግጥ። ጆሯችን በጥቂቱ የጮኸውን «የተሻለ» ብሎ ነው የሚወስደው። ሻጮች ይሄንን ያውቁታል።

በገና ያጫውት። ለስፒከር ከዚህ የበለጠ ፈተና አላውቅም። ዐሥሩ ክሮች ከበግ አንጀት ናቸው፤ ክሩና መቋሚያው መሐል እንዚራ የሚባሉት ቁራጭ ቆዳዎች አሉ። ያ የሚነዝረው፣ የሚያንጎራጉረው ድምፅ የሚመጣው ከእነሱ ነው። መናኛ ስፒከር ይሄን ንዝረት ሲያወጣ ራሱ የተቀደደ ይመስላል። ጥሩ ስፒከር ላይ የክሩ ወፍራም ድምፅ ለብቻው፣ የቆዳው ንዝረት ከላዩ ለብቻው ይሰማል። የደርዳሪው ድምፅ ደግሞ በሁለቱ መሐል ሳይዋጥ ይወጣል። በገናን አጥርቶ ያወጣ ስፒከር ማሲንቆም ሆነ ክራር አያቅተውም።

ቀጥሎ ሳክስፎን። የይፋቱን ልጅ ጌታቸው መኩሪያን ያጫውት። ሽለላን በሳክስፎን የነፋ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ የእኛው አገር ሰው። ሲያነሳ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ትዊተሩ ወይም ክሮስ ኦቨሩ (ድምፁን ለቤዝና ለትዊተር የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ትንፋሹ፣ ሸምበቆው፣ የናሱ ክብደት አንድ ላይ ከመጣ ስፒከሩ ደህና ነው። ከዚያ አንድ የሴት ድምፅና አንድ የወንድ ድምፅ ያለ ብዙ አጃቢ ይስማ። ጆሯችን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው የሰው ድምፅ ነው፤ ሲበላሽ ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን።

ግን ደስታህን እንዳላበላሽ አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ። ጥሩ ስፒከር የቀረጻውን ነውር ያጋልጣል። አምሃ ሬከርድስ በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር የነበረው የመቅረጫ ዕቃ ዛሬ ስልክህ ካለው ያነሰ ምርጫ ነበረው። ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ደግሞ ቅጂ የቅጂ ቅጂ ነው። እነዚህ ቀረጻዎች ላይ ከ50 ሄርዝ በታች ያለ ነገር ብዙም የለም። የቴፑ ሽውታ ግን በደንብ አለ። ሁለቱ አሥር ኢንች ለአንተ ዘፈኖች የሚሠሩት ሥራ የላቸውም ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሃል። ንጹሕ ቅጂ መፈለግ ላይ ግን አትስነፍ። ከዋናው ሸክላ ወይም ከዋናው ቴፕ የተገለበጠ ሲዲ ወይም ፍላክ (ጥራቱ ሳይቀነስ የተቀመጠ) ፋይል፣ ሺህ ጊዜ ተቀድቶ ከተጫነ የዩቲዩብ ቅጂ ይሻላል።

ስፒከሩ መጥቶ ደረሰ እንበል። በአጭሩ ግድግዳ፣ በ4 ሜትሩ በኩል አቁማቸው፤ ወደ 5 ሜትሩ ይጩሁ። ፊታቸው ከኋላቸው ካለው ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። ከጎን ግድግዳ 70 ሳንቲም። በመሐላቸው 2.60 ይቀራል። ሶፋህን ከኋላ ግድግዳ አላቅቀህ አንድ ሜትር ተኩል ወደፊት አምጣው። አውቃለሁ፣ ባለቤትህ ይሄን አትወደውም። ቢያንስ ስትሰማ ብቻ የምታመጣው አንድ ወንበር ይኑርህ። ግድግዳ ተደግፈህ ስትቀመጥ ቤዙ ይከመርብሃል፤ ልክ የክፍሉ መሐል ስትቀመጥ ደግሞ ይጠፋብሃል። ስፒከሩ ከጀርባው የአየር ቀዳዳ ካለውና ማራቅ ካልቻልክ፣ አብሮት የሚመጣውን የፎም ውታፍ ወትፍበት። ከዚያ ፊታቸውን በትንሹ ወደ አንተ አዙራቸው። በየሳምንቱ አንድ ስንዝር እያንቀሳቀስክ ሞክር። ነጻ ነው፤ ሺዎች ከሚያወጣ ሽቦም በላይ ለውጥ ያመጣል።

አሁን ሳሎኑ መሐል ቁምና አንዴ አጨብጭብ። ሴራሚክ፣ ሲሚንቶና ጂፕሰም ያለበት ባዶ ሳሎን እንደ ቆርቆሮ ይመልስልሃል። ይሄንን ሳታስተካክል የትኛውም ስፒከር አያምርም። መድኃኒቱ ደግሞ እዚሁ አገርህ ነው። የመንዝ ዝተት አለልህ። ባና አለልህ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ነገር መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ይውጣል። አንዱን ዝተት ወለሉ ላይ፣ በስፒከሮቹና በመቀመጫህ መሐል አንጥፍ። ለጎን ግድግዳ ደግሞ እንዲህ አድርግ፦ አንተ ቦታህ ላይ ተቀመጥ፣ ባለቤትህ መስታወት ይዛ ግድግዳውን ታኮ ትሂድ። ስፒከሩ በመስታወቱ ውስጥ የታየህ ቦታ ድምፁ የሚነጥርበት ነው። እዚያ ላይ ባና ስቀል። ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ብታርቀው የበለጠ ይሠራል። ጌጥም ይሆናል። ለመስኮቱ ከባድ መጋረጃ አድርግ። ውጭ አገር ለዚሁ ሥራ የሚሸጡት ሰሌዳዎች ዋጋ ቢነገርህ የመንዝ ሸማኔዎችን ታመሰግናለህ። ቤዝ ላይ ግን ባናው ምንም አያደርግም፤ ቤዝ የሚስተካከለው በቦታ ነው።

ጎረቤትህን በተመለከተ፣ ወፍራም ድምፅ ብሎኬትን ያልፋል፤ ምንጣፍ አያስቆመውም። ስፒከሮቹን ከጋራው ግድግዳ አርቃቸው። ሌላው ስምምነት ነው። አንድ ቀን ጥራውና አብራችሁ ስሙ። ከዚያ «ስንት ሰዓት ላይ ይረብሽሃል?» ብለህ ጠይቀው።

ልጁ ይበልጥ ያሳስበኛል። የሁለት ዓመት ልጅ የትዊተር ጉልላት ሲያይ በጣቱ ሳይጫን አያልፍም። የፊት መሸፈኛው አይውለቅ። ቀጭን ታወር ሲገፉት ይወድቃል፤ አብሮት የሚመጣውን ሰፊ እግር በደንብ አጥብቀህ ግጠምለት። ሹል እግሮቹን ግን ተዋቸው። ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ሴራሚኩንም ይሰነጥቃሉ። የጎማ እግር ይበቃል።

መብራቱን አትርሳ። ጥሩ ስታቢላይዘር ግዛ፤ አምፕሊፋየሩን ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰካው። መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩን በእጅህ አጥፋው፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ ቆይ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ከሶኬት ንቀለው፤ ዲሽ ወይም አንቴና የተያያዘ ከሆነ እሱንም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ጠዋት ስትከፍተው በለሆሳስ ጀምር። የቤዙ ጎማ በብርድ ይደርቃል፤ ግማሽ ሰዓት ሲጫወት ይላላል።

ስለ ብሩ አከፋፈል ከጠየቅከኝ፣ ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ለስፒከሩ ይሁን። ሩብ ለአምፕሊፋየሩ። የቀረው ለዝተቱ፣ ለስታቢላይዘሩ፣ ለመጋረጃውና ለንጹሕ ቅጂ። ለስፒከር ሽቦ የተለየ በጀት አትያዝ። ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 የመዳብ ሽቦ ለ5 ሜትር ርቀት በቂ ነው። መዳብ መሆኑን ግን ጫፉን ፍቀህ እይ፤ ላዩን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገበያውን ሞልቶታል። ስትገጥም ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፤ ዘፋኙም የት እንዳለ አይታወቅም። ብዙ ሰው «ስፒከሩ አልተስማማኝም» ብሎ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው።